የረዥም ርቀት ተኩስ፦ የተኳሹ ችሎታና የጠመንጃው ትክክለኛነት

የረዥም ርቀት ተኩስ ከ500 ሜትር ገደማ አንስቶ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ የተተከለን ዒላማ በጠመንጃ የመምታት ስፖርትና ወታደራዊ ሙያ ነው። ውጤቱ በሁለት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው የጠመንጃውና የጥይቱ ትክክለኛነት፣ ማለትም መሣሪያው ሳይነቃነቅ ተደግፎ ሲተኮስ ጥይቶቹን ምን ያህል አቀራርቦ እንደሚያሳርፍ ነው፤ ሁለተኛው የተኳሹ ችሎታ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ እኩል አይመዝኑም፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ሚዛኑ ወደ ተኳሹ ያጋድላል። ቶሮንቶና መላው ካናዳ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆን ታሪክ አላቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጠመንጃ ትክክለኛነት የሚለካው በማዕዘን ነው። የአንድ ዲግሪ 60ኛ እጅ የሆነው ደቂቃ በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲሜትር፣ በ1,000 ሜትር ላይ ደግሞ 29 ሴንቲሜትር ስፋት ይኖረዋል። ጥሩ የውድድር ጠመንጃ ጥይቶቹን በዚህ ክብ ውስጥ ያሳርፋል። ነፋስ የሚያመጣው ስህተት ግን ከዚህ ይበልጣል። የተለመደው የ7.62 ሚሊሜትር ጥይት 1,000 ያርድ (914 ሜትር) ለመድረስ ከአንድ ሰኮንድ ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ከሁለት ሜትር በላይ ይገፋዋል። የነፋሱን ፍጥነት በሰዓት በ2 ኪሎ ሜትር ብቻ አሳስቶ የገመተ ሰው ጥይቱን 30 ሴንቲሜትር ያህል ያስታል፤ ይህም ጠመንጃው ራሱ ከሚበትነው አያንስም። ስለዚህ ብርቱ ተኳሽ ባንዲራውን፣ የሣሩን ዘንበል ማለትና በመነጽር ውስጥ እንደ ወራጅ ውሃ የሚታየውን የሞቀ አየር ሲከታተል ይቆይና ነፋሱ ወደሚያውቀው ሁኔታ ሲመለስ ምላጩን ይስባል።

ርቀትን መገመትም ሌላው ፈተና ነው። በሚያዝያ 1868 በመቅደላ ሥር፣ አሮጌ ላይ፣ የእንግሊዝ ጦር ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት ያዋለው ስናድር የተባለ ጠመንጃ ከባድና ዘገምተኛ እርሳስ ይተኩስ ስለነበር ጥይቱ በአየር ላይ በጣም ይጎብጣል፤ ርቀቱን ትንሽ አሳስቶ የገመተ ሰው ዒላማውን ይስታል። በኋላ የመጣው የጣሊያን ምንሽር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ስለነበረ ይህን ስህተት በእጅጉ ይቅር ይላል። ከፍታም የራሱ ሚና አለው፦ አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳርቻ የተስተካከለ ጠመንጃ ሩቅ ሲተኮስ እዚያ ከፍ ብሎ ይመታል።

የካናዳ የተኩስ ማኅበር የተመሠረተው በ1868 ነው። በእንግሊዝ አገር በቢዝሊ ሜዳ የሚካሄደውን ታላቁን የንጉሥ ሽልማት በ1911 የቶሮንቶው ክሊፎርድ፣ በ1913 ደግሞ የዚያው ከተማ የ48ኛው ሃይላንደርስ ወታደር ሃውኪንስ አሸነፉ። ሁለቱም የያዙት በኩቤክ ይሠራ የነበረውን የሮስ ጠመንጃ ነበር። ቃታው ሳይዞር ቀጥታ ወደ ኋላ የሚሳበው ይህ ጠመንጃ በዘመኑ ከነበሩት የጦር ጠመንጃዎች መካከል እጅግ ትክክለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 በኢፐር ግንባር ግን የደረሰው ነገር አሳዛኝ ነበር፦ ጭቃው፣ የፈጣን ተኩስ ግለቱና ከጠባቡ የጥይት ማስገቢያ ጋር ያልተስማማው የእንግሊዝ ጥይት ቃታውን አጣበቁት፤ ወታደሮችም እየጣሉት የወደቁ እንግሊዞችን ሊ ኤንፊልድ አነሱ። የዒላማ ሜዳ ውጤት የጦር ሜዳ ዋስትና እንዳልሆነ የካናዳ ልጆች በሕይወታቸው ከፍለው አስመሰከሩ። ሮስን ጠብቀው ያቆዩት ጥቂቶች፣ እያንዳንዱን ጥይት መርጠውና አጽድተው የሚያጎርሱ አነጣጣሪዎች ነበሩ። ከእነዚህም አንዱ የኦንታሪዮው የኦጂብዌ ተወላጅ ፍራንሲስ ፔጋማጋቦ ነው፤ የጀግንነት ሜዳሊያ ሦስት ጊዜ ተሸልሟል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠመንጃና መነጽር በአንድ አካባቢ ተገናኙ። ከቶሮንቶ በስተ ምዕራብ ሎንግ ብራንች አጠገብ የነበረው የስሞል አርምስ ሊሚትድ ፋብሪካ ከ900,000 በላይ የሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ጠመንጃ ሠራ፤ ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ለአነጣጣሪዎች የሚመረጡት ጠመንጃዎች የሚገጠምላቸው መነጽር ደግሞ የተሠራው ከቶሮንቶው ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር ዶን ሸለቆን ተሻግሮ በሚገኘው ሊሳይድ ሰፈር፣ በሪሰርች ኢንተርፕራይዝስ ፋብሪካ ነው።

ተኳሹን ከጠመንጃው ለይቶ ለማየት ከሚጠቀሱት ውጤቶች ሁሉ የሚደንቀው የ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ነው፤ ርቀቱ 50 ሜትር ቢሆንም። ካናዳውያኑ ጊልሞር ቦዋና ጄራልድ ኡለት በአንድ የቦዋ ጠመንጃ ተራ በተራ ተኮሱ። ቦዋ 598 አስመዝግቦ ነሐስ ወሰደ፤ የዊንዘሩ ኡለት ያንኑ ጠመንጃ ተቀብሎ ከ600 ነጥብ 600 በማምጣት ወርቁን አገኘ። ሜዳው በአንድ ሜትር ተኩል አጥሮ በመገኘቱ ግን ውጤቱ በዓለም ክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም።

በልምምድ ሜዳ ሁለቱን ለመለየት አምስት ጥይት አይበቃም፤ ሃያና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በሩቅ ዒላማ ላይ ወደ ጎን የተዘረጋ የጥይት ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ የነፋስ ንባብ ጉድለት ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የተዘረጋው ደግሞ ባሩዱ ከጥይት ጥይት እኩል ፍጥነት አለመስጠቱን፣ ወይም የተኳሹን አተነፋፈስና የሰደፉን አያያዝ መለዋወጥ ያሳያል። ጠመንጃው ተደግፎ ሲተኮስ ጠባብ ክብ እየሠራ፣ በትከሻ ሲያዝ የሚበተን ከሆነ፣ አዲስ አፈሙዝ መግዛት ምንም አይለውጥም።