አርኖልድ ዊንሆልት (1877–1940 እ.ኤ.አ.)

አውስትራሊያዊ ወታደር፣ ጸሐፊና የፓርላማ አባል። በኩዊንስላንድ ተወልዶ በቦር ጦርነት፣ በኋላም በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሥራቅ አፍሪካ ተዋግቷል። በአፍሪካ አደን ላይ ሳለ አንበሳ እጁን አቁስሎታል። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር መጥቶ ከቀይ መስቀል ጋር አገልግሏል፤ ግፉን በዓይኑ ያየ ሰው ነውና ዝም አላለም።

በ1940፣ ሌላው ቤቱ በሚያርፍበት በ62 ዓመቱ፣ አርበኞችን ለመርዳት የተቋቋመውን ሚሽን 101 ተቀላቀለ። መሪው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ቀድሞ ወደ ጎጃም ገብቶ ነበር፤ ሰፈሩንም በዛሬው አዊ ዞን፣ ፋግታ ላይ አደረገ። ዊንሆልት በጥቂት ሰዎችና በጭነት አህዮች ከሱዳን ተሻግሮ ሲከተለው በመስከረም የጣሊያን ጦር ደፈጣ ላይ ወድቆ ተገደለ። ጎጃም ሳይደርስ ቀረ። እሱ ከሞተ ከወራት በኋላ ግን፣ በየካቲት 1941፣ በጎጃም ዳንግላ የነበረው የጣሊያን ጦር ከተማዋን ለቆ ወጣ።