ማማ ላይ የሚጠበቅ ዝንጀሮ፣ በቲኬት የሚታይ ዝንጀሮ

ሰሞኑን የሰሜን ተራሮች ፎቶ ለጥፌ ነበር። አንዱ የጎብዬ ልጅ ከሥሩ «መምህር፣ ዝንጀሮ ለማየት ብለው ነው ደባርቅ ድረስ የሄዱት?» ብሎ ጽፎ ስንቱን አሳቀው። እኔም ስቄያለሁ። ጥያቄው ግን የታሪክ ጥያቄ ስለሆነ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ቡና አፍሉ።

ለእኛ ለቆላ ልጆች ዝንጀሮ ማየት ሥራ እንጂ ሽርሽር አይደለም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ መውጣት፣ ከንጋት እስከ ምሽት ወፉንም ዝንጀሮውንም ሲያባርሩ መዋል ነው። ደጋሊት ማሽላ ስንት ወር ተጠብቆ፣ ከጋራው የወረደ መንጋ በአንድ ጧት ሲያወድመው ያየ ሰው «የዱር እንስሳት ሀብታችን ናቸው» ሲባል ቶሎ አይዋጥለትም። እኛ ሰፈር «የዱር እንስሳ» የሚለው ቃል ራሱ የራዲዮ ቃል ነው፤ የእኛ ቃል «አውሬ» ነው።

ደባርቅ የሄድኩት በ2010 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የመግቢያውን ከፍለን፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት አስከትለን፣ በማለዳ ወጥተን ማታ ተመለስን። ሳንቃ በር ሳንደርስ ጭላዳ አገኘን። መንጋው መስኩ ላይ ቁጭ ብሎ ሣር በሁለት እጁ እየነጨ ይበላል። ደረታቸው ላይ ያ ቀይ ምልክት አለ፤ ጎፈሬያቸው ደግሞ የአንበሳ ነው የሚመስለው። አጠገባቸው ስንደርስ ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። ወንጭፍ የማያውቅ ዝንጀሮ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው! ጨነቅ ላይ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ዋልያ ቆሞ አየን፤ ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ ትልቅ ወንድ። ቀይ ቀበሮ አልቀናንም።

እነዚህን ሦስቱን ለፈረንጅ ሳይንስ ያስተዋወቀው አንድ ሰው ነው፤ በ1830ዎቹ ወደ ሰሜን የመጣው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል። (ከዚህ በታች ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የዋልያና የጭላዳ ሳይንሳዊ ስም ውስጥ ዛሬም የአገሬው ቃል አለ። ስሙ ከአገሬው ሰው አፍ ተወስዷል፤ አገሬው ሰው ራሱ ግን በኋላ ፓርኩ ሲመጣ «ችግር» ተብሎ ተመዘገበ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1963 በጁሊያን ሃክስሊ የተመራ የዩኔስኮ ቡድን መጥቶ መንግሥት ብሔራዊ ፓርኮች እንዲያቋቁም መከረ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1969 በአዋጅ ተቋቋመ። ከመጀመሪያዎቹ ኃላፊዎች አንዱ የዌልስ ተወላጁ ሲ. ደብሊው. ኒኮል ነበር። ደን የሚመነጥሩ ገበሬዎችና ዋልያ አዳኞች እንዳስመረሩት መጽሐፍ ጽፎ ሄደ፤ በኋላም የጃፓን ዜጋ ሆኖ እዚያ ደን ሲያለማ ኖሮ በ2020 አረፈ። ገበሬው በበኩሉ መጽሐፍ አልጻፈም፤ ስለዚህ የክርክሩ ግማሽ ጎድሎብናል።

በ1978 ዓለም የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች ሲመዘግብ ከአገራችን ሁለት ገቡ። አንዱ ከእኛ ጋራ ማዶ ያለው ላሊበላ ነው፤ ሌላው ሰሜን። ይህንን ክፍል ውስጥ በኩራት ነበር የማስተምረው፣ ታስታውሳላችሁ። ከምዝገባው ጋር አያይዤ ያላስተማርኳችሁ ደግሞ አለ፦ በዚያው በ1978 እና 79 ደርግ ከገደሉ ግርጌ ያሉ መንደሮችን በኃይል አነሣ። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ፣ የፓርኩ ሠራተኞች ለቀቁ፣ ዋልያውም ተመናመነ። በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከምክንያቶቹ መካከል የዋልያው ቁጥር መቀነስ፣ እርሻና ፓርኩን አቋርጦ የሚሄደው መንገድ ነበሩ።

እዚህ ላይ ነው ግጭ የምትመጣው። ከጅንባር ፏፏቴ ማዶ፣ አምባው ላይ፣ ከ400 በላይ አባወራ ገብስ እያረሰ፣ በግ እያረባ የሚኖርባት መንደር ነበረች። በ2016 ሰዉ ካሳና የከተማ ቦታ ተሰጥቶት ደባርቅ ወረደ። በዓመቱ ዩኔስኮ ፓርኩን ከአደጋ መዝገብ ሰረዘ፤ እኛም አጨበጨብን። እውነቱን ለመናገር ግጦሹ ጉዳት አልነበረውም የሚል ሰው አምባውን አላየም ማለት ነው፤ ሣሩ ተግጦ መሬቱ ተራቁቶ ነበር። ግን አብሮን የነበረው ስካውት ግጭ ነው የተወለደው። ማዶውን በእጁ አሳየንና «ያቺ ባዶዋ የእኛ ናት» አለ። እሱስ ደመወዝ አለው። አባቱን ስጠይቀው፣ «ደባርቅ ተቀምጦ ገብስ በኪሎ ይገዛል» አለኝ። ዕድሜውን ገብስ ሲያመርት የኖረ ሰው ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ግጭ ሲነሣ ዋልያው ከ800 በላይ ነበር። በ2020 ጦርነቱ ጀመረ፣ ውጊያው ፓርኩ ድረስ ገባ። ያ ጊዜ ምን እንደነበር ለጎብዬና ለቆቦ ሰው እኔ አልነግረውም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ክልላችን ውስጥ ሌላ ግጭት መጣ። የቅርቡ ቆጠራ ዋልያውን 300 ገደማ አድርሶታል። ግጭ ባዶ ናት፣ በግ የለባትም፣ ገብስም የለባትም፤ ዋልያው ግን ከግማሽ በላይ አለቀ። ስሙ በብሔራዊ ቡድናችን ማልያና በቢራ ጠርሙስ ላይ በሽ ነው።

የእኔ አስተያየት ይኸው ነው፦ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ገበሬውን ስንከስ ኖርን፤ ዋልያው ክፉኛ ያለቀባቸውን ጊዜያት ብታዩ ግን ጠመንጃ የበዛባቸው፣ ጠባቂ የጠፋባቸው የጦርነት ዓመታት ናቸው። ቱሪስቱም ቀረ። በቅሎ አከራዩ፣ አስጎብኚው፣ ወጥ ሠሪዋ ሥራ ፈቱ። እንስሳው በሕይወት በመኖሩ የሚያተርፈው ሰው ይኸው ነበር።

ደባርቅና ዳባት ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ የግጭ አዛውንቶች አጠገባችሁ አሉና ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ስልካችሁ ላይ ቅዱት። የኒኮል መጽሐፍ አለ፣ የዩኔስኮ ሪፖርት አለ፣ የእነሱን ግን እናንተ ካልጻፋችሁት ማንም አይጽፈውም።