በእንጨት ላይ ስለሚቀረጽ ጽሑፍ



በብራና የተጻፈው ቢሳሳት ጸሐፊው ፍቆ ያርመዋል። በእንጨት የተቀረጸውን ግን ማረም ጭንቅ ነው፤ መሮ የወሰደው አይመለስምና። ስለዚህ በኢዮቤልዩ ዘመን ለቤተ ክርስቲያኑ መታሰቢያ ጽሑፍ ሊያስቀርጽ የሚያስብ ሁሉ የነገሩን ጥንትና ሥርዐት አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

በብዙ ልሳን የተጻፈ ሰሌዳ ለክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 19 እንደምናነበው፥ ጲላጦስ በመስቀሉ ላይ ያኖረው ጽሑፍ በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በጽርእ ነበረ። የካህናት አለቆችም ይለወጥ ቢሉት አልለወጠም። በአገራችንም ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት በአክሱም አንዱን የድሉን ነገር በጽርእ፣ በሳባ ፊደልና በግዕዝ ፊደል በድንጋይ አስቀርጿል፤ ነጋዴውም ባላገሩም በየፊደሉ እንዲያነበው ነው። በእንጨት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ፥ የንጉሥ ላሊበላ ስም ያለበት የግዕዝ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው መናብርተ ታቦት በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አሉ።

በዘመናችንም በአሜሪካ በቬርሞንት ቲም ብሩክስ የሚባል ደራሲ፥ ሊጠፉ የቀረቡትን የዓለም ፊደላት በሜፕል እንጨት መቅረጽ ጀመረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ ማኅበር አቋቁሟል። ከቀረጻቸውም ቃላት አንዱ የሰው ልጆች መብት መግለጫ 1ኛ አንቀጽ ነው። ባዕድ ሰው ለማያነበው ፊደል ይህን ያህል ከደከመ፥ እኛ የምናነበውን ፊደላችንን ምን ያህል ልንጠነቀቅለት ይገባን ይሆን?

ግዕዝ 26 ፊደላት በ7 ስልት ሲበዙ 182 ይሆናሉ። መሮው የ«ሉ»ን ቅጥል ቢሰብራት ካዕቡ ግዕዝ ሆኖ «ለ» ይባላል። ድምፃቸው የተመሳሰሉትም ፍቺ ይለውጣሉ። በእሳቱ ሰና በአልፋው አ «ሰአሊ» ብንል እመቤታችንን «ለምኚ» ማለት ነው፤ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ «ሠዓሊ» ብንል ግን ሥዕል የሚሥል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት በቅድስቱ በር ላይ ተቀርጾ ቢቀር፥ የሚመጣው ትውልድ ስሕተቱን እንደ ትምህርት ይቀበለዋል። በጋይንት ቤተልሔም የድጓው ትምህርት፥ በዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕቱ ትምህርት በሚመሰከርበት በዚህ አገር ይህ ቢሆን ነውሩ የሁላችን ነው።

እንግዲህ ሥርዐቱ ይህ ነው። አስቀድሞ ቃሉን የቅኔ መምህር ይጻፈው፤ ሌላው መምህር ይመርምረው። ከዚያ በኋላ አብነቱ በሚቀረጸው ልክ ተስሎ ለጠራቢው ይሰጠው፤ ጠራቢው ከራሱ እንዳይጨምር፥ እንዳይቀንስም። የሌላ ልሳን የሚጨመር ከሆነ፥ ልሳኑን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ያሳየው፤ ዕብራይስጥና ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባሉና። ስለ እንጨቱም፦ ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፤ ወይራ ይጠነክራል፤ ጽድ ምስጥን ይቋቋማል። ማናቸውም ቢሆን በጥላ ሳይደርቅ ቢቀረጽ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ፊደሉን ከሁለት ይከፍላል።

የጠራቢውም ዋጋ ሳይጓደል ይከፈለው። ስም የሚጻፍ ከሆነም የሰጪው ብቻ አይሁን፤ የጸሐፊውና የጠራቢው ስም አብሮ ይቀረጽ፤ የሚመጣው ትውልድ ሦስቱንም በጸሎቱ ያስባቸው ዘንድ።