የማይመለስ ኮፒ

ባለፈው እሑድ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከአሌክሳንድሪያ ደወለችልኝ። የግብፁን እስክንድርያ ማለቴ አይደለም፤ ከዋሽንግተን ወንዝ ተሻግሮ ያለውን፣ ሐበሻ የበዛበትን የቨርጂኒያውን ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት ሥራ አመልክታ ኖሮ፣ ያያዘችው የዲግሪ ግልባጭ የራሷ ስለመሆኑ በኖታሪ ፊት ምላ፣ ፈርማ እንድታስገባ ጠይቀዋታል።

«ታዲያ ስንት ቀን ፈጀብሽ?» አልኳት።

«ምን ቀን አለው ጋሼ! ሽሮ ጥጄ እኮ ነው የማልኩት።»

ስልኳን ከስኳር ቆርቆሮው ጋር አስደግፋ፣ መታወቂያዋን ለካሜራው አሳየች። ከዚያ ሌላ ከተማ የተቀመጠች ኖታሪ በስክሪኑ ብቅ አለች። ቀኝ እጅሽን አንሺ፣ ማይ፣ በጣትሽ ፈርሚ፤ አለቀ። ሽሮው እንኳ አላረረም።

አብሬያት ሳቅኩ። ግን ሁለታችንም አንድ ያላነሳነው ነገር ነበረ።

1998 ዓ.ም. ነው። ልጅቱ በተመረቀች በዓመቷ አንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አወጣ፤ ያቺን ሁላችንም በቃላችን የምናውቃትን ማስታወቂያ። «የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን በመያዝ በአካል እንድትቀርቡ»። ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና «የማይመለስ» የምትለዋ ቃል ሁልጊዜ ትከነክነኛለች። የመሥሪያ ቤት አማርኛ አንዳንዴ ሳያስበው ግጥም ይሆናል። የልጅቱ ዋናው ዲግሪ ግን በቤት ቃጠሎ ጠፍቶባት ነበር። ምትኩ እስኪሰጣት ወራት ይፈጃል፤ ምዝገባው የሚቆየው አምስት ቀን ነው። በእጇ የቀረው አንድ የደበዘዘ ኮፒ ብቻ። «እርስዎ አብረውኝ ቢሄዱና ቢነግሯቸውስ?» አለችኝ። ሄድኩ።

መዝጋቢው ኮፒውን ገልብጦ አየና «ከዋናው ጋር የተገናዘበ የሚል ማኅተም የለውም» አለ።

«አራት ዓመት ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ወንድሜ፣ እርስዎንስ ማን ያውቅዎታል?»

መታወቂያዬን አወጣሁ። «ይሄ የሚናገረው ስለ እርስዎ ነው፤ ስለ እሷ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። በአመክንዮ ከሄድን ሰውየው አልተሳሳተም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ስንመለስ ማኪያቶ አዘዝኩላት፤ ሳትቀምሰው ቀዘቀዘ። ምዝገባው አለፋት።

ይህንኑ ጥያቄ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ የሚጠይቅ ጸሐፊ ቢኖር ሰዉ ሁሉ ባዘነለት ነበር። ያኔ የመሬት ሽያጭ የሚመዘገበው ብዙውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ ነው፤ በኅዳጉ፣ ወይም ባዶ በቀረው ቅጠል። እቴጌ ምንትዋብ ባሠሯት በቁስቋምና በሌሎችም የከተማይቱ አድባራት መጻሕፍት እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ሞልተዋል። ሻጩ እገሌ፣ ገዢዋ እገሊት (ሴቶች ገዢም ሻጭም ሆነው በብዛት ይገኛሉ)፣ ዋጋው ይህን ያህል ወቄት ወርቅ ይልና፣ የእማኞቹ ስም ዝርዝር ይከተላል። ካህናት፣ ሹማምንት፣ ጎረቤት። አንዳንዱ ዝርዝር ከሽያጩ ይረዝማል። መጨረሻው ላይ ውሉን ያፈረሰ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል።

ይህን አሠራር ኋላ ቀር ነው ብለን ብናልፈው እንሞኛለን። መጽሐፉ ከዕቃ ቤቱ ስለማይወጣ ሰው ወደ ሰነዱ ይሄዳል እንጂ ሰነዱ ወደ ሰው አይሄድም። ቅጠሉን ልቅደድ የሚል ቅዱስ መጽሐፍ መቅደድ አለበት። ስማቸው የሠፈረው ሰዎች ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ላይ ይገኛሉ፤ ሄዶ መጠየቅ ነው። ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው የሚያውቅህ ሰው ባለበት፣ በደብሩ ዙሪያ ብቻ ነው። አገር ለቆ የሄደ ሰው እማኞቹን ተሸክሞ አይሄድም።

ራቅ ላለው መንገድ ማኅተም ነበረ። የነገሥታቱ ማኅተም የሚያርፈው እንደ ዛሬው ከደብዳቤው ግርጌ ሳይሆን ከራሱ ላይ ነው፤ አንባቢው ቃሉን ከማየቱ በፊት የማን ቃል እንደሆነ ይወቅ ነው ነገሩ። ማኅተሙን የሚጠብቀው ጸሐፌ ትእዛዝ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጽሕፈቱን ሚኒስቴር የያዙት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው። ማኅተም ግን እውነተኛነትን እንጂ መልስን ዋስ አይሆንም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ እውነተኛነቱን የተጠራጠረ የለም፤ ለንደን ደረሰ፣ መዝገብ ቤት ተቀመጠ፣ መልስ የሚሰጠው ጠፋ። ሥራ አመልክቶ ለወራት ስልኩን ሲያይ የኖረ ሰው የንጉሡን ንዴት በመጠኑ ይረዳዋል። የዚያ ዝምታ መዘዝ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አለቀ። ንጉሡ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ያከማቿቸው መጻሕፍትም በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደ ለንደን ተጓዙ፤ በኅዳጋቸው ያለው የመሬት ውልና የእማኞቹ ስም አብሮ ሄደ። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በቅርብ ዓመታት ብዙዎቹን በዲጂታል ፎቶ አንስቷቸዋል። ስለዚህ ኮፒው ይመለሳል፤ የማይመለሰው ዋናው ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁን የጻፉት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ቢሆኑም፣ በጽሑፍ ሊሆን የሚገባው ውል ሁለት ምስክር ያሻዋል ሲል የጎንደርን ሰው አያስደነግጥም። በጣቱ አሻራ የፈረመ ሰው ግን ሹም፣ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠለት ውሉ አያስገድደውም። መፈረም የማይችለውን ገበሬ ከብልጥ ለመጠበቅ የታሰበ ነው፤ መልካም ሐሳብ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ እየሳሳ፣ ሹሙ እየወፈረ መጣ። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 334፣ በኋላም በ2008 የተተካበት አዋጅ ቁጥር 922 ሰነድ የሚረጋገጥበትንና የሚመዘገብበትን ሥርዓት ደነገጉ። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሥርዓት የሚያውቀው በአንቀጹ ሳይሆን በወረፋው ነው፤ በር ላይ ባለው ራፖር ጸሐፊ፣ በኮፒ ቤቱ፣ «ነገ በጠዋት ኑ» በሚለው ዘበኛ። ለዲጂታል ፊርማ በ2010፣ ለኤሌክትሮኒክ ግብይት በ2012፣ ለዲጂታል መታወቂያ በ2015 አዋጅ ወጥቷል። ሰፈሬ ካለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ባለፈው ወር ያነበብኩት ግን አሁንም «በአካል» ይላል። ከደሴ ወይም ከጎሬ በአውቶቡስ መጥቶ አልጋ ለሚይዝ ሥራ ፈላጊ ይህች ቃል ምን ያህል ብር እንደምታወጣ የጻፋት ሰው አስቦት ይሆን?

ቨርጂኒያ ኖታሪው በቪዲዮ እንዲያረጋግጥ የፈቀደች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ግዛት ናት፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በሐምሌ 2012 ሥራ ላይ ዋለ። ሌሎቹን ግዛቶች ያጣደፋቸው የ2020ው ወረርሽኝ ነው። የኖታሪው ሥራ የፈረመው ሰው ራሱ መሆኑን ማረጋገጥ እንጂ ዲግሪው እውነተኛ ነው ብሎ መመስከር አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን ያምታታል።

«ሴትዮዋ እኮ አታውቀኝም ጋሼ፤ ግን አመነችኝ» አለችኝ ልጅቱ።

«ከመማልሽ በፊት ምን ጠየቁሽ?»

«ኮምፒዩተሩ ነው የጠየቀኝ። ከዚህ በፊት የኖርሽው ከእነዚህ መንገዶች በየትኛው ነው? ይህ ቁጥር የማን ቤት ነው? የመሳሰለውን።»

ይህ የጎረቤት ጥያቄ ነው። ጎንደር ላይ አንድ ቄስ አይቷት የሚመልሰውን፣ እዚያ ማሽኑ ከየመዝገቡ ቃርሞ ይጠይቃል። ለእማኝም ቢሆን ቪዲዮው አለ፤ የቨርጂኒያ ሕግ ቢያንስ አምስት ዓመት እንዲቀመጥ ያዛል። የቁስቋም ኅዳግ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ እንግዲህ ወረፋ ጠባቂ ወጣት ከሁለቱ የቱን እንደሚመርጥ መጠየቅ አያሻኝም። እኔም ብሆን ሽሮውን እመርጣለሁ።

ስልኩን ልንዘጋ ስንል «አንድ ነገር ላስቸግርዎት፤ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉልኛል?» አለች።

«ማኅተም የለኝም እኮ።»

«ማኅተም አልጠየቁም። በኢሜይል ይበቃል። የእርስዎን ስልክ ቁጥር ግን ሰጥቻቸዋለሁ፤ ስለ እኔ ሊጠይቁዎት ይደውላሉ።»

ደብዳቤውን በማግሥቱ ላክሁ። ስልኬን ግን ከዚያ ወዲህ ማታም አላጠፋሁትም፤ እዚያ ሲነጋ እዚህ ይመሻል።