ጉልበትና ሰዓት፦ የከባድ ጉልበት ጉዳት ሕክምና ታሪክና የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች

ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ ትልቁ ጉልበት ነው። የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት ይህ መገጣጠሚያ ጸንቶ የሚቆመው በአራት ዋና ዋና ጅማቶች፣ በዙሪያው ባሉ ጡንቻዎችና በሸፈነው ከረጢት ኃይል ነው። ከበስተ ጀርባው፣ ቋንጃ በምንለው ስፍራ፣ ለባትና ለእግር ደም የሚያደርሰው ደም ቅዳ ያልፋል። ይህ ደም ቅዳ ከመገጣጠሚያው በላይና በታች ከአካባቢው ጋር ተያይዞ የተወጠረ በመሆኑ ጉልበት በኃይል ሲወልቅ አብሮ ይሳባል፤ ይበጠሳል፣ ወይም የውስጥ ግድግዳው ተሰንጥቆ በረጋ ደም ይደፈናል። ብዙ ጅማቶች በአንድ ጊዜ የተበጠሱበት፣ መገጣጠሚያው የወለቀበት ወይም የቅልጥም ራስ የተሰባበረበት ጉዳት ከባድ የጉልበት ጉዳት ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕክምናውን ታሪካዊ ጉዞ በአጭሩ መቃኘትና ታሪኩ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ያለውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ታሪኩን ከወጌሻ ቤት መጀመር ይገባል። በአገራችን ዘመናዊ ሕክምና ከመስፋፋቱ በፊት ስብራትንና ውልቃትን የሚጠግነው ወጌሻ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ እርሱ ነው። ይህ ልማድ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ለአጥንት ሕክምና መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ የሆነው ሂዩ ኦወን ቶማስ (እ.ኤ.አ. 1834–1891) ከዌልስ ወጌሾች ዘር የተወለደ ነው። አባቱ ኢቫን ቶማስ በሊቨርፑል ከተማ ስመ ጥር ወጌሻ ነበር፤ ልጁ ግን ሕክምና ተምሮ የቤተሰቡን የእጅ ሙያ ከትምህርት ቤት ዕውቀት ጋር አዋሐደ። እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው፣ እስከ ዛሬም በስሙ የሚጠራው የብረት መደገፊያ በመጀመሪያ የታሰበው የታመመን ጉልበት ለማሳረፍ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደቀ መዝሙሩ ሰር ሮበርት ጆንስ ይኸው መሣሪያ ጭናቸው ለተሰበረ ወታደሮች በጦር ግንባር ላይ እንዲታሰር አደረገ። በጊዜው በተጻፉ ዘገባዎች መሠረት፣ ከ100 ቁስለኞች 80 ያህሉን ይገድል የነበረው የጭን ስብራት ከዚያ በኋላ የሚገድለው ከ20 ያነሱትን ሆነ። መሣሪያው ያው የቀድሞው ነበር፤ የተለወጠው የሚታሰርበት ሰዓትና ቦታ ነው።

ስለ ቋንጃ ደም ቅዳ ያለን ዕውቀትም በአብዛኛው ከጦር ሜዳ የመጣ ነው። ዴቤኪና ሲሚዮን የተባሉ ሐኪሞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ወታደሮች ላይ የደረሱ 2,471 የደም ቅዳ ጉዳቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጡት ጥናት፣ የቋንጃ ደም ቅዳቸው ከተጎዳ ወታደሮች መካከል 72 በመቶ ያህሉ እግራቸውን እንዳጡ አሳየ። በዚያ ዘመን የተለመደው ሕክምና የተቀደደውን ደም ቅዳ ቋጥሮ ደሙን ማቆም ነበር። የእኛው የቃኘው ሻለቃ ጦር በተሰለፈበት በኮሪያ ጦርነት ግን ቀዶ ሐኪሞች ደም ቅዳውን መስፋት፣ ሲያስፈልግም ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ደም መልስ መተካት ጀመሩ፤ ቁስለኛውም በሄሊኮፕተር ቶሎ ይደርስላቸው ጀመር። እግር የማጣቱ መጠን ወደ 32 በመቶ ዝቅ አለ።

ይህ ዕውቀት ወደ ሰላማዊው ሰው ጉልበት የተሻገረበት ጉልህ ጥናት ግሪንና አለን እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት ነው። ጸሐፊዎቹ 245 የጉልበት ውልቃቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ከሦስት አንድ በሚሆኑት ላይ የቋንጃው ደም ቅዳ ተጎድቶ አገኙት። ደም ቅዳው በስምንት ሰዓት ውስጥ ካልተጠገነላቸው ሰዎች መካከል 86 በመቶው እግራቸው ተቆርጧል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተጠገነላቸው ግን የተቆረጠባቸው 11 በመቶ ብቻ ናቸው። ጡንቻና ነርቭ ያለ ደም የሚቆዩበት ጊዜ ውሱን ስለሆነ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያለው ጊዜ ከዚያ ወዲህ የሕክምናው ዋና መለኪያ ሆኗል።

ጅማቶቹን በሚመለከት ታሪኩ ዝግ ያለ ነው። ሜዮ ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1895 በሊድስ ከተማ በአንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ጉልበት ውስጥ የተበጠሱትን ሁለቱን መስቀለኛ ጅማቶች መልሶ ሰፍቷል። ይሁን እንጂ የወለቀን ጉልበት ወደ ቦታው መልሶ በጄሶ ማሰር ለረጅም ዘመን የተለመደ ሕክምና ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሼንክ ውልቃቱን በተበጠሱት ጅማቶች ዓይነትና ብዛት የሚከፍል አመዳደብ ካቀረበ በኋላ ሐኪሞች ውጤታቸውን ለማነጻጸር ቀለላቸው። ዛሬ አብዛኞቹ ቀዶ ሐኪሞች ጅማቶቹን መጠገንን ወይም መተካትን ይመርጣሉ፤ መቼ ይሠራ የሚለው ግን አሁንም ያከራክራል። ለእኛ ጠቃሚው ነጥብ ይህ ነው፤ የጅማት ሥራ ሳምንታትን ሊጠብቅ ይችላል፣ የደም ቅዳ ሥራ ግን አይጠብቅም።

ወደ ሦስቱ ከተሞች እንምጣ። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ የተቀመጡ ሲሆኑ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ሱሉልታ ሯጮች የሚለማመዱባት ከተማ በመሆኗ የጉልበት ሕመም ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት ስፖርተኛውን ነው። በሩጫ ብዛት የሚመጣው ሕመም ግን በአብዛኛው በዕረፍትና በእንቅስቃሴ ሕክምና የሚሻሻል ነው። እግርን የሚያሳጣው ጉዳት የሚገኘው በእነዚሁ አውራ ጎዳናዎች ላይ፣ በገልባጭ መኪና በተገጨው እግረኛ፣ ከሞተር ብስክሌት በወደቀው ወጣትና ጉልበቱ ከፊት ወንበሩ መደገፊያ ጋር በተጋጨው የሚኒባስ ተሳፋሪ ላይ ነው።

የከተሞቹ ርቀት ከሆስፒታል ሲለካ አጭር ነው። ከሰበታ በአየር ጤና በኩል የሚመጣ ሰው አለርትን በመንገዱ ያገኛል፤ ከቡራዩ በአስኮ በኩል የሚመጣውም ቅዱስ ጳውሎስን፤ የሱሉልታው መንገድም እንጦጦን ወርዶ በአዲሱ ገበያ ይገባል። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ሲያሠለጥን የኖረው ጥቁር አንበሳም ከዚያ የራቀ አይደለም። እንግዲህ ስምንቱን ሰዓት የሚበላው ኪሎ ሜትሩ አይደለም። ጊዜው የሚያልፈው እብጠቱ እስኪቀንስ በመጠበቅ፣ ከአንድ ጤና ተቋም ወደ ሌላው በመመላለስና እግሩ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ ታስሮ በማደሩ ነው። የወለቀ ጉልበት ብዙ ጊዜ ሐኪም ሳያየው በራሱ ወደ ቦታው ስለሚመለስ፣ በራጅ ፊልም ላይ አጥንቱ ደህና መስሎ መታየቱም ያታልላል።

ስለ ወጌሻ ማሰሪያ በአገራችን የተሠራ ትምህርት ሰጪ ጥናት አለ። ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ ከመቶ በላይ ለሚሆኑ ወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ፣ በጠበቀ ማሰሪያ ምክንያት በሞተ ሥጋ የሚቆረጠው እጅና እግር በግማሽ ያህል ቀንሷል። ወጌሻውን ማውገዝ ይህን ውጤት አላስገኘም፤ ያስገኘው ማስተማር ነው። የቶማስ ቤተሰብ ታሪክም የሚያስታውሰን ይህንኑ ነው፤ የወጌሻና የሐኪም ሙያ ከአንድ ግንድ የተገኙ ናቸው።

በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚፈለገው መሣሪያም ውድ አይደለም። ሚልስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት 38 ጉልበታቸው የወለቀ ሰዎችን ተከታትሏል። የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት በክንድ የደም ግፊት ሲካፈል ውጤቱ ከ0.90 በታች የሆነባቸው 11 ሰዎች ሁሉም ቀዶ ሕክምና የሚያሻው የደም ቅዳ ጉዳት ነበረባቸው፤ ከቀሩት 27 ሰዎች መካከል ግን አንዱም አልነበረበትም። ለዚህ የሚያስፈልገው የደም ግፊት መለኪያና አነስተኛ ዶፕለር ነው። ዶፕለር በሌለበት የሁለቱንም እግሮች የደም ትርታ በጣት መዳሰስና ማነጻጸር፣ የእግሩን ሙቀትና ቀለም መመልከት፣ ጣቶቹ እንደሚንቀሳቀሱና ስሜት እንዳላቸው ማረጋገጥ ይገባል። ትርታው ተገኘ ተብሎ ግን ምርመራው አይቆምም፤ የተሰነጠቀው ግድግዳ ዘግይቶ ሊደፈን ስለሚችል በየሰዓቱ መደገም አለበት። እግሩ ከቀዘቀዘ ወይም ትርታው ከደከመ፣ ጉልበቱን ላላ ባለ መደገፊያ ደግፎ ያለ መዘግየት መላክ፣ ለተቀባዩ ሆስፒታልም አስቀድሞ መደወል ያስፈልጋል።

በተጨማሪም በሪፈር ወረቀቱ ላይ ጉዳቱ የደረሰበት ሰዓት በግልጽ ይጻፍ። ቀዶ ሐኪሙ ከስምንቱ ሰዓት ስንቱ እንደቀረው የሚያውቀው ከዚያ መስመር ነው። መስመሩ ባዶ ከሆነ፣ በሦስት ጦርነቶችና በብዙ ጥናቶች የተገኘው ዕውቀት ለዚያ ሕመምተኛ አልደረሰውም ማለት ነው።