አገር ስጠኝ፦ የጥያቄና መልስ ናፍቆት ከቃላቱ ሥር

«ጠየቀ» ዛሬ የማያውቅ ሰው ግስ ነው። የማያውቀው ይጠይቃል፣ የሚያውቀው ይመልሳል። በግዕዝ ግን ነገሩ ወዲያ ማዶ ነበር። ጠየቀ ማለት መረመረ፣ አረጋገጠ፣ አጥርቶ ተረዳ ማለት ነው፤ «ጥዩቅ» የተባለ ነገርም ጥርጥር የሌለበት፣ እርግጥ የሆነ ነገር ነው። ለመጠየቅና ለመለመን ግዕዝ «ሰአለ» የሚል ሌላ ግስ ነበረው፤ እሱም ወደ እኛ ሲደርስ «ስለት» ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቀረ። አማርኛ ጠየቀን ወርሶ ከማወቅ ወደ ፍለጋ አዞረው። አሮጌው ትርጉም ግን ጨርሶ አልጠፋም። «ታሟል አሉ፣ ሄጄ ልጠይቀው» የሚል ሰው የሚመለስለት ጥያቄ ይዞ አይሄድም፤ በዓይኑ አይቶ ሊያረጋግጥ ነው የሚሄደው። ይህ አጠያየቅ የግዕዙ ነው።

ቃሉን ያነሣሁት ስለ ቴሌቪዥን ለመናገር ነው። በዳንግላና በእንጅባራ ከእኩዮቼ ጋር የድሮ ፕሮግራም ወሬ ሲነሣ ከድራማውና ከዘፈኑ እኩል የጥያቄና መልስ ውድድሩ ይነሣል። ሁለት ቡድን ተማሪ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ጠያቂው ወረቀት ይዟል፤ ሰዓት ይቆጠራል። እዚህ መንደር ውስጥ ደግሞ ከማያ መስኮቱ ፊት የተኮለኮለው ሁሉ ከተወዳዳሪው ቀድሞ ለመመለስ ይጮኻል። ያንን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ጥያቄዎቹን እምብዛም አያስታውስም። የሚያስታውሰው ማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ማን ቀድሞ እንደመለሰ፣ የቤቱ ባለቤት ምን እንዳሉ ነው። ታዲያ ናፍቆቱ የምን ናፍቆት ነው? መልሱ ቃላቱ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ዘመን ጣቢያው አንድ ብቻ ነበር፣ ስርጭቱም የምሽት ጥቂት ሰዓታት። ባለ ቀለሙ ሥዕል የመጣው በ10ኛው የአብዮት በዓል ሰሞን ነው። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሣህሉ፣ ከመጀመሪያው ዓመት አንሥተው ለ42 ዓመታት ያህል ልጆችን በተረት ያጫወቱት በዚሁ በአንዱ ጣቢያ ነበር። ጣቢያው አንድ መሆኑ ብዙ ነገር ይወስናል፤ አዲስ አበባ የተጠየቀው ጥያቄ ዳንግላም የሚሰማው በዚያችው ደቂቃ ነው፣ ከእሱ ሌላ የሚቀየርበት ጣቢያ የለም። በወረዳ ከተማ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ስለነበርም ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር። አማርኛ ይህን መሣሪያ ሲቀበል የውጭውን ስም እንዳለ ወሰደ፤ ቴሌቪዥን ከግሪክኛው «ሩቅ» እና ከላቲኑ «ማየት» የተገጣጠመ ቃል ነው። ጎን ለጎን ግን «በቴሌቪዥን መስኮት» የሚል የራሱን አነጋገር ጨመረበት። መስኮት የግዕዝ ቃል ነው፤ በመስኮት የሚያይ ሰው ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ነው።

ስለ «መልስ» ብዙ አልልም። መለሰ ማለት የሄደውን ማምጣት ነው፤ ለባለ ሱቅ ብር ሰጥተን የምንቀበለውም መልስ ነው፣ ከሠርጉ ቀጥሎ ሙሽሮቹ የሚጠሩበት ድግስም መልስ ነው። ሰጥቶ መቀበል አለበት፣ ያ ይበቃል።

ከቴሌቪዥኑ በፊት የነበረው የጥያቄና መልስ ውድድር ግን ረጅም ቆይታ ይገባዋል። እንቆቅልሽን ማለቴ ነው። ሰዋስዉን ተመልከቱ፦ ለወንድ «እንቆቅልህ» ይባላል፣ ለሴት «እንቆቅልሽ»፣ ለብዙ ሰው «እንቆቅልሻችሁ» ወይም «እንቆቅላችሁ»። መላሹም በዚያው ልክ «ምን አውቅልህ» ወይም «ምን አውቅልሽ» ይላል። ሁለቱም ወገን ቃሉን ሲጨርስ የሚጨርሰው ፊት ለፊት በተቀመጠው ሰው ነው። ሌላ ስም እንዲህ በአድማጩ ጾታና ቁጥር ሲለዋወጥ አላውቅም፤ መጻሕፍት የሴቱን መልክ ይዘው «እንቆቅልሽ» ብለው የጨዋታው ስም አደረጉት እንጂ በአፍ ሲነገር ዛሬም ሰው ፊት ካልተቀመጠ ቃሉ አይሟላም።

መላሹ ሲያቅተው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። መላሹ አገር ይሰጣል፤ ጎንደርን፣ ደሴን፣ ሐረርን። ጠያቂው በተሰጠው አገር ገብቶ እንዴት እንደተንደላቀቀ እያወራ፣ ያልመለሰውን እየወረፈ፣ በመጨረሻ ፍቺውን ይናገራል። ሽልማቱ ለመላሹ ሳይሆን ለጠያቂው ነው፤ ሽልማቱም ከተማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አሮጌ ነገር አለ። በግዕዝ «ሀገር» ማለት ከተማ ነው። በመዝሙረ ዳዊት «ሀገረ እግዚአብሔር» የተባለችው ኢየሩሳሌም ናት። በጥንታዊው የደቡብ ዓረቢያ ጽሑፍም ይኸው የሀ፣ የገና የረ ሥር ከተማን ይጠራል። የግዕዙ ብዙ ቁጥር «አህጉር» ነው፤ ከተሞች ማለት። ዘመናዊው አማርኛ አንዱን ወስዶ ባንዲራና ድንበር ያለው ምድር አደረገው፣ ብዙውን ወስዶ አፍሪካንና እስያን የምንጠራበት አደረገው። ከተማ የነበረው ቃል እስከ አህጉር ሰፋ። በገጠር አፍ ግን ቃሉ እንደ ጥንቱ ጠባብ ነው፤ «አገርህ ወዴት ነው?» የተባለ ሰው ዳንግላ ይላል፣ ዚገም ይላል፣ ቻግኒ ይላል። «አገር ስጠኝ» የሚለው ልጅም ሳያውቀው የግዕዙን ትርጉም ይዞ ነው የሚጠይቀው። የልጆች ጨዋታ አሮጌ ትርጉም ጠባቂ ነው የምለው ለዚህ ነው። መጽሐፍ ያሻሻለውን ልጆች አያሻሽሉትም፤ ቃሉ ከጨዋታው ሥርዓት ጋር ስለታሰረ እንደተቀበሉት ያቀብሉታል።

በትምህርት ቤት «ኩዊዝ» የምንለው ቃል ሥሩ በእንግሊዝኛም አይታወቅም። በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ብቅ ሲል ትርጉሙ ግራ የሆነ፣ የሚያስቅ ሰው ነበር፤ ወደ ጥያቄ የዞረው ኋላ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ወደ አጭር ፈተና ጠበበ። መምህሩ ሳያስጠነቅቅ ወረቀት አውጡ የሚልበት፣ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ስለዚህ የመድረኩን ውድድር ማንም ኩዊዝ ብሎ አይናፍቅም። የሚናፈቀው «ጥያቄና መልስ» ነው።

«ውድድር» ከ«ወደር» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። «ወደር የለውም» ስንል እኩያ፣ አቻ፣ አምሳያ የለውም ማለታችን ነው። አወዳደረ ማለት ሁለት ነገር ጎን ለጎን አድርጎ አስተያየ ማለት ነው፤ ወደረኛም እኩያ ሆኖ የሚገጥም ሰው ነው። ከቃሉ ተነሥተን ካሰብን መወዳደር እኩያን ማግኘት ነው፤ ማሸነፍ ኋላ የሚመጣ ነው። ይህን በእንጅባራ ጥር 23 ቀን ማየት ይቻላል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በየዓመቱ በዚህ ቀን የዓድዋን ጀግኖች እያሰበ ፈረሰኛውን ከየወረዳው ያሰባስባል። ጉግስ የሚገጥም ሰው ወደረኛ ያስፈልገዋል። ብቻውን የሚጋልብ ፈረሰኛ ጋላቢ ነው እንጂ ተወዳዳሪ አይደለም።

ፈረሱ ደግሞ ሌላውን ቃል ያሳየናል። «ሸለመ» የመጀመሪያ ትርጉሙ አስጌጠ፣ አሳመረ ነው። ግላስ ለብሶ፣ ባማረ ኮርቻና ልጓም የሚወጣ የእንጅባራ ፈረስ ተሸልሟል ይባላል፣ ገና ምንም ሳያሸንፍ። ንጉሥ ለጀግና ካባና ለምድ ሲያለብስ ሸለመ ይባል የነበረውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ከጌጡ ወደ ስጦታው የተሻገረው በዚያ ይመስለኛል። በቴሌቪዥኑ ውድድር ለአሸናፊ ተማሪዎች የሚሰጠው መዝገበ ቃላትና ደብተር ጌጥ አይደለም። ልጁ ይዞት በሰፈሩ ሲያልፍ ግን ጌጥ ይሆን ነበር።

ከዕውቀት ይልቅ ዕድል የሚያሸልምበት ጨዋታም አለ። «ዕጣ» የግዕዙ «ዕፃ» ነው፤ ዕፃ ደግሞ እንጨት ከሚባለው «ዕፅ» የመጣ ይመስላል፣ ዕጣ በእንጨት ስባሪ ይጣል ነበርና። «እንጨት» የሚለው የራሳችን ቃልም ከዚያው ከዕፅ የወረደ ነው። ሎተሪና ቶምቦላ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፤ ቶምቦላ የጣልያንኛ ቃል ሲሆን ሥሩ መገለባበጥን ይናገራል፣ ቁጥሮቹ ከሚገለባበጡበት ዕቃ ይመስላል። ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለቱንም ዘር አስተዋውቋቸዋል፤ ሎተሪው ቢመጣም የሚወጣው ዕጣ ነው።

አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1976 የጀመሩት፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ የሚገጥምበት የታወቀ ፕሮግራም ስሙ ወደ አማርኛ ቢመጣ «የቤተሰብ ቁርሾ» የሚል ነው። በእኛ ዘንድ ነፃነት ወርቅነህ ሲመራው የቆየው፣ ቤተሰብ የሚያወዳድረው ፕሮግራም ስሙ «የቤተሰብ ጨዋታ» ነው። ይህን ስም እወደዋለሁ። ጨዋታ በአማርኛ ሁለት ነው፤ ኳስም ጨዋታ ነው፣ ወሬም ጨዋታ ነው። እንግዳ ሲገባ «ተጫወቱ» እንላለን፣ ስንለያይ «ደኅና ተጫውተናል» እንላለን፣ ማንም ካርታ አላነሣም። የግዕዙ «ተዋነየ»፣ ተጫወተ ማለት፣ «ተውኔት» እና «ተዋናይ» ሆኖ ወደ መድረክ ወጣ። አማርኛው ጨዋታ ግን ቡናው ዙሪያ ቀረ። ቴሌቪዥን በሰው ቤት ሲታይ ሁለቱ ተገናኙ፤ በመስኮቱ ውስጥ ተውኔት፣ በዙሪያው ጨዋታ።

አሁን ወደ ናፍቆቱ። አማርኛ ያለፈን ለሚያስብ ሰው ሁለት ቃል ሰጥቶታል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። «ትዝታ» የተሠራው እንደ ዝምታ፣ እንደ ደስታ፣ እንደ ጸጥታ ነው፦ ዝም አለ፣ ደስ አለ፣ ጸጥ አለ፣ ትዝ አለ። ትዝ የሚለው ነገሩ ራሱ ነው፣ እኔ የምደርሰው ቆይቶ ነው። «ትዝ አለኝ» እላለሁ እንጂ ትዝ አልኩት አልልም። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር የሚቆጠረው፣ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ትዝታ ሳይጠሩት የሚመጣ ስለሆነ ዜማ ይስማማዋል።

«ናፍቆት» ሥሩ ሌላ፣ ለእኔም ከሁሉ የሚገርመው ነው። በግዕዝ የነ፣ የፈና የቀ ሥር መክፈልን፣ ለሁለት መግመስን ይናገራል። «ንፍቅ» ግማሽ ነው፤ ስለዚህ የምድር ግማሽ ንፍቀ ክበብ ይባላል። «መንፈቅ» ግማሽ ነው፤ የትምህርት ዓመቱ ለሁለት መንፈቅ ይከፈላል፣ እኩለ ሌሊትም መንፈቀ ሌሊት ነው። ልቡ ለሁለት የተከፈለ፣ የተጠራጠረ ሰው ናፈቀ ይባላል፤ ከዚያም ኑፋቄና መናፍቅ መጡ። ይህ ቃል ባሕሩን ተሻግሮ ዓረብኛ ውስጥ «ሙናፊቅ» ሆኖ እንደገባ ብዙ ሊቃውንት ጽፈዋል። በቅዳሴም ከሠራዒው ካህን ጎን የሚቆመው ንፍቅ ካህን ነው። አማርኛ ይህንኑ ሥር ወስዶ ሰው ለሰው ሲቃጠል ናፈቀ አለ። የናፈቀ ሰው ግማሹ የጎደለ ሰው ነው፤ መናፍቁ ልቡ ሁለት ሆኖበት፣ ናፋቂው ግማሹ ሌላ ቦታ ቀርቶበት።

አውሮፓውያን ለዚህ ስሜት የሚሉትን «ኖስታልጂያ» እ.ኤ.አ. በ1688 ያበጀው ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የባዝል የሕክምና ተማሪ ነው፤ ወደ ቤት መመለስ የሚል የግሪክ ቃልና ሕመም የሚል የግሪክ ቃል አጋጥሞ የበሽታ ስም አወጣ። የእነሱ ቃል የቦታ ነው፣ መድኃኒቱም መመለስ ነው። የእኛ ቃል የግማሽ ነው። ከቀድሞው ፕሮግራም የተረፈ ቅጂ ተገኝቶ ዛሬ በስልክ ቢታይ የማይበቃው ለዚህ ነው። ጥያቄው አለ፣ መልሱ አለ፣ አጠገባችን ሆኖ ቀድሞን የሚጮኸው የለም። ያ ሰው ነበር ንፍቃችን።

ዳንግላና እንጅባራ ባሉበት በአዊ ይህ ነገር አንድ ተጨማሪ ገጽ አለው። ያ ሁሉ ጥያቄና መልስ የተሰማው በአማርኛ ነበር፤ ተመልካቹ ግን ብዙውን ጊዜ መልሱን ለጎረቤቱ የሚያቀብለው በአገውኛ ነበር። የአዊ አገውኛ ከማዕከላዊው የኩሽ ቤተሰብ የሆነ፣ ሮበርት ሄትዝሮን እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ግሱ ሥርዓት መጽሐፍ የጻፈለት፣ ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በክልሉ መገናኛ ብዙኃን የሚነገር ቋንቋ ነው። የዜና ቃላት ተሠርተውለታል። የጨዋታ ቃላቱ ግን አስቀድመው አሉ፤ አያቶች ልጆችን በምድጃ ዙሪያ የሚፈትኑባቸው፣ ላልመለሰ ልጅ የሚሉት፣ ለመለሰ ልጅ የሚሉት። እንጅባራ ላይ አሁን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከዳንግላ የመጡ ተማሪዎችም ለበዓል ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አያቶቻቸውን ጠይቀው የጥያቄውን አከፋፈት፣ የመላሹን ቃል፣ የተሸናፊውን ዕዳ በራሱ በቋንቋው ቢጽፉ፣ ከዚያም የክልሉ ቴሌቪዥን በአገውኛ የጥያቄና መልስ ውድድር ሲያዘጋጅ ጠያቂው ከአማርኛው የተገለበጠ ሳይሆን ይህንኑ ቃል ይዞ ቢቀርብ፣ እኔ ዳንግላ ጎረቤት ጠርቼ አየዋለሁ።