ከሰባራ ድልድይ እስከ ዐዋጅ

ድልድይ ብዙውን ጊዜ በወንዙ ወይም ባሠራው ንጉሥ ስም ይጠራል፡፡ ከሞጣ በስተ ሰሜን፣ ጎጃምን ከበጌምድር በሚለየው የዐባይ ሸለቆ ውስጥ ያለው ጥንታዊ ድልድይ ግን ስሙን ያገኘው ከስብራቱ ነው፡፡ ሰባራ ድልድይ ይባላል፡፡ ዛሬ ስለ ሕዝብ ግንባታ የንድፍና የዕቅድ ደንቦች ጥቂት ለማለት ስነሣ መነሻዬን ይህንኑ ስብራት አድርጌዋለሁ፡፡ ደንብ የምንለው ነገር፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ቀድሞ የወደቀ ነገር የተወልን ትዝታ ነውና፡፡

ድልድዩ የተሠራው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት (1632–1667 እ.ኤ.አ.)፣ በ1660 ገደማ እንደ ሆነ ይነገራል፡፡ ብዙዎች «የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል፡፡ ነገር ግን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንን ከአገር ያስወጡት ራሳቸው ዐፄ ፋሲለደስ ናቸው፤ ድልድዩ በተሠራበት ጊዜ እነርሱ ከሄዱ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር፡፡ የቀረው ሙያው ነው፡፡ በአባታቸው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የታወቀው ድንጋይን በኖራ የማያያዝ ጥበብ በግንበኞች እጅ ቆይቶ የጎንደርን አብያተ መንግሥት አቆመ፤ ዐባይንም ተሻገረ፡፡ ዐፄ ሱስንዮስ በጢስ ዐባይ አጠገብ፣ በዓላታ ያሠሩት ድልድይ የዚሁ ሙያ ታላቅ ወንድም ነው፡፡

ግንበኞቹ ያሰቡትን ድንጋዩ ራሱ ያስረዳል፡፡ ውኃው የሚጠብብበትንና ዓለቱ በግራ በቀኝ የጸናበትን ቦታ መረጡ፡፡ ከዋናው ቅስት ጎን ትናንሽ ቅስቶችን ጨመሩ፤ በክረምት ሞልቶ የሚተርፈው ውኃ መውጫ እንዲያገኝ፡፡ በዚህ ዓይነት ድልድዩ 270 ያህል ክረምቶችን አሳለፈ፡፡

መካከለኛውን ቅስት የሰበረው ጦርነት ነው፡፡ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጠላት እንዳይሻገርበት ተቆረጠ ይባላል፡፡ ነጻነት ሲመለስ ቅስቱ አልተመለሰም፡፡ ከስድሳ ዓመት በላይ የወዲህና የወዲያ ማዶ ሰው በገመድ እየተሳሳበ ተሻገረ፤ ነጋዴው ከነሸቀጡ፣ ለቅሶ ደራሹ ከነሐዘኑ፡፡

አባቴ በወጣትነታቸው በዚያ ገመድ ተሻግረዋል፡፡ «አባባ፣ አልፈሩም?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር፡፡ «ልጄ፣ እዚያ ቆመህ ገመዱን አታይም፤ ገመዱን የያዙትን ሰዎች ፊት ነው የምታየው» አሉኝ፡፡ ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልጠፋም፡፡

ሰዎች በዚያ ገመድ ሲሻገሩ የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ በውጭ አገር መጽሔት ታተመ፡፡ እርሱን ያየው አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ በ2001 እ.ኤ.አ. ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ፤ ስብራቱም በብረት ተገጠመ፡፡ ደስታው ታላቅ ነበር፡፡ በ2005 እ.ኤ.አ. ክረምት ግን ዐባይ ሞልቶ መጣና የተገጠመውን ወሰደው፡፡ ከዚያ በኋላ ከፍ ባለ ቦታ ላይ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ፡፡ ይህን የማወሳው በጎ ያደረጉትን ለመውቀስ አይደለም፡፡ ወድቆ ከፍ ብሎ መሥራት የደንብ ሁሉ ታሪክ ስለሆነ ነው፡፡

በአገራችን ይህ ትምህርት በጽሑፍ ሰፍሮ ይገኛል፡፡ የመንገዶች ባለሥልጣን በ2002 እ.ኤ.አ. የውኃ መውረጃና የድልድይ ንድፍ መመሪያ አውጥቶ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. አሻሽሎታል፡፡ በመመሪያው አሠራር መሠረት ነዳፊው በመጀመሪያ የሚያሰላው ጎርፉን ነው፡፡ እንደ መንገዱ ደረጃና እንደ ድልድዩ ስፋት በ10፣ በ25፣ በ50 ወይም በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል ተብሎ የሚገመተውን ውኃ ይወስዳል፤ በውኃው ጫፍና በድልድዩ ሆድ መካከልም ለግንድና ለቅርንጫፍ ማለፊያ ክፍት ቦታ ይተዋል፡፡

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት፡፡ «የ100 ዓመት ጎርፍ» ማለት ዘንድሮ ከመጣ እስከ መቶ ዓመት አይመለስም ማለት አይደለም፡፡ በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው፡፡ ለ50 ዓመት የታሰበ ድልድይ በዕድሜው ውስጥ ያን ጎርፍ የማየት ዕድሉ ከመቶ አርባ ገደማ ነው፡፡ ስለዚህ መሐንዲሱ ከቁጥሩ ሌላ በወንዙ ዳር የሚኖሩ ሽማግሌዎችን «ውኃው እስከ የት ደርሶ ያውቃል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል፡፡ የአረጋዊ ጣት የሚያመለክተው ዛፍም መረጃ ነው፡፡

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፡፡ በጠረጴዛዬ ላይ የሥራ ተቋራጮች የቅድሚያ ክፍያ ዋስትናና የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ያልፋሉ፡፡ ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው ቀበሌ ለአንዲት ትንሽ ድልድይ የቀረበ ዋስትና አይቻለሁ፡፡ ወረቀቱ የተሟላ፣ ማኅተሙ የጠራ ነበር፡፡ በኋላ እንደ ሰማሁት ንድፉ ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ልኬቱም በጥር የተወሰደ ነው፡፡ በሐምሌ ውኃው ድልድዩን ትቶ በጎኑ መንገዱን ቆርጦ ሄደ፡፡ የዚያ ሰፈር ልጆች እስከ መስከረም መጨረሻ ከትምህርት ቤት ቀሩ፡፡ ዋስትናው ለገንዘቡ እንጂ ለእነርሱ አልነበረም፡፡

ሕጎቻችን ግን እየተሻሻሉ መጥተዋል፡፡ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ዐዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ የሕዝብ መገልገያ የሆነውን ቁመቱ ምንም ያህል ቢያንስ ከፍተኛ ጥንቃቄ በሚጠይቀው በምድብ «ሐ» ውስጥ አስገባው፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ ትምህርት ቤት ቢወድቅ የሚወድቀው በብዙ ልጆች ላይ ነው፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1210 ደግሞ የፌዴራል መንግሥት የልማት ፕሮጀክቶች ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊት አዋጭነታቸው እንዲጠናና እንዲገመገም አዘዘ፡፡ ከዚያ በፊት የመሠረት ድንጋይ ተጥሎላቸው፣ ጥናት ሳይኖራቸው፣ በጀት እየበሉ ስንት ክረምት የከረሙ ሥራዎች እንደ ነበሩ የምናውቅ እናውቃለን፡፡

ከቢቸና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሄድሁ ቁጥር ከመኪናው መስኮት ትናንሾቹን ድልድዮች መመልከት ልማዴ ሆኗል፡፡ በእያንዳንዱ ሥር «ሽማግሌው ተጠይቀው ነበር ወይ?» እላለሁ፡፡ አንድ ቀን በማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ጫርሁ፤

በጋ ተለክቶ ለበጋ የቆመ፣
ክረምት ሲጠይቀው መልሱ ተዳከመ፡፡

ዐዋጅ እንደ ገመድ ነው፡፡ ጥሩ ገመድ ያስፈልገናል፤ አሮጌው ሲላላም በአዲስ መተካቱ ተገቢ ነው፡፡ ለሚሻገረው ሰው ግን የአባቴ ምክር አሁንም ይሠራል፤ ገመዱን የያዙትን ሰዎች ፊት መመልከት፡፡ ነዳፊው፣ ተቆጣጣሪው፣ ከፋዩ፣ ከዋስትናው በታች ፊርማውን የሚያኖረው እንደ እኔ ያለው ጸሐፊም ጭምር ገመድ ያዥ ነን፡፡